የአገርን ልሳን ለሚጽፉና ለሚያስነብቡ ወጣቶች ስለሚገባው ትምህርት



ከእንጦጦ ተራራ ራስ ተነሥቶ ወደ የካ የሚወርድ መንገደኛ ጆሮውን ከፍቶ ቢሄድ፥ ከሜዳው ሳይደርስ ብዙ ልሳን ይሰማል። ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች በኦሮምኛ ይነጋገራሉ፤ ከእነርሱ አልፎ አጥር የሚያጥር ሰው ከባልንጀራው ጋራ በአማርኛ ይከራከራል፤ ወደ ገበያው ሲቃረብ ከነጋዴው ሱቅ ጉራግኛ፥ ከሸማኔው ዘንድ ጋሞኛ ይሰማል። የካ የሚለው ስም ራሱ በዚያ ምድር ይኖር ከነበረው ከኦሮሞ ጎሣ ስም የወጣ ነው ይባላል። ይህ መንገደኛ የሰማውን ቃል ሳያጎድል ጽፎ ለባለቤቱ መልሶ ቢያነብለት፥ ባለቤቱም ሰምቶ «ይህስ የእኔው ቃል ነው» ቢለው፥ መንገደኛው የልሳን ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ይጠይቃል። በዚህ ንግግር የሚተረከውም እንዲህ ያለ ሰው በምን መንገድ ተምሮ እንደሚገኝ ነው።

ይህ ሥራ ቸል ሲባል ምን እንደሚደርስ ለማወቅ ወደ ጎጃም ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። በዓባይ አጠገብ በጎጃም ምድር ጋፋትኛ የሚባል ልሳን ይነገር ነበር፤ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋራ የአንድ ቤት ልጅ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ገደማ ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጕሞ በብራና ይዞ ሄደ፤ ያም ጽሑፍ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከዚያ በኋላ መቶ ሰባ ዓመት ያህል አለፈ። ቮልፍ ሌስላው የሚባል የሴም ልሳናት ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ጎጃም ወርዶ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው ቢፈልግ፥ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው አራት ሰዎችን ብቻ ነበረ። የእነዚያን የአራቱን ቃል ጽፎ በ1956 በፓሪስ አሳተመው። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር ሰው የለም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ብራና የሚፍቅ፥ ቀለም የሚበጠብጥ፥ ግስ የሚያወርድ ሰው ከቶ አላነሰውም። ያነሰው የጎረቤቱን ልሳን መጻፍ ከትምህርት ይቈጠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ስለዚህ በቅርብ ያለው ዐዋቂ ሳይጽፈው፥ ከሩቅ አገር የመጣው ጻፈው፤ እርሱም የደረሰው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ዛሬ ግን የዚህ አገር ልጆች ራሳቸው ሥራውን ይዘውታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ዘለዓለም ልየው በጎንደር አካባቢ ስለሚነገረው ስለ ቅማንትኛ ሰፊ ጥናት ጽፎ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2003 አሳትሟል። በጥናቱም ልሳኑን አቀላጥፈው የሚናገሩት አረጋውያን እንደ ሆኑ፥ ልጆቹ ግን በአማርኛ ብቻ እንደሚያድጉ አሳይቷል። ጋፋትኛ ከደረሰበት ቦታ ለመድረስ ብዙ መንገድ አልቀረውም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚያስበው፥ ፊደል የቈጠረና ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋራ የጠጣ ሰው ያን ቋንቋ ያለ ሌላ ትምህርት ሊጽፍ ይችላል ብሎ ነው። የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ይህ እንዳልሆነ ያስረዳል። ኦነሲሞስ በኢሉባቦር በሁሩሙ ተወልዶ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምፅዋ ነጻ ወጥቶ በስዊድናውያን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ወደ ስዊድንም ተሻግሮ ትምህርቱን ጨመረ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሣ ያገኘው ችግር የራሱ የአፍ መፍቻ ልሳን ነበረ። ከወገኑ ተለይቶ በባዕድ አገር ስላደገ ቃሉ አነሰው፤ የሕፃን ኦሮምኛ እንጂ የሽማግሌ ኦሮምኛ አልነበረውም። ጉድለቱን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም እንደ እርሱ ለባርነት ከተሸጠች በኋላ ነጻ የወጣች ኦሮሞ ስትሆን፥ ከአገርዋ ያመጣችው የልሳን ሀብት ግን ከእርሱ የበለጠ ነበረ። አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈን ከልቧ አውጥታ ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገብተዋል። መጽሐፍ ቅዱሱም በሁለቱ ድካም ተፈጽሞ በግዕዝ ፊደል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እርሱ የመጻፍን ጥበብ፥ እርስዋ የቃሉን ጎተራ ይዘው ባይገናኙ ኖሮ ሥራው ባልተፈጸመም ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ የልሳን ሠራተኛ አስቀድሞ ደቀ መዝሙር መሆን እንደሚገባው ነው። መምህር ሆኖ የሚሄድ ሰው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

በቤተ ክህነት ያደጉ ወጣቶች ለዚህ ሥራ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። የቅኔ ተማሪ ቀተለ፥ ቀደሰ፥ ገብረ፥ አእመረ እያለ ስምንቱን የግስ አርእስት ይዞ ሺሁን ግስ ከየአለቃው ሥር ሲያሰልፍ፥ የልሳን ሊቃውንት በሌላ አገር በሌላ ስም የሚሠሩትን ሥራ መሥራቱ ነው። የዜማ ተማሪም ጆሮው በይዘትና በደረት፥ በድፋትና በቅናት ተገርቷል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማን ምልክት እንዳበጁ ይተረካል፤ ይህም ማለት ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ በቀለም ሊያዝ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው ቤንችኛ ቃልን ከቃል የሚለየው በአምስት የድምፅ ደረጃ ነው፤ አንዱ ቃል በላይኛው ድምፅ ሲነገር አንድ ነገር፥ በታችኛው ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ለመስማት ድጓ የተማረ ሰው ካልተማረው ይልቅ ቢፈጥን አይደንቅም።

ነገር ግን ያው ትምህርት እንቅፋትም አለው። ግዕዝን የተማረ ሰው ልሳን ሁሉ በግዕዝ ሚዛን የሚመዘን ይመስለዋል። በአማርኛ ይሄዳል፥ ትሄዳለች፥ እንሄዳለን ሲባል የቃሉ ፊት ይለወጣል፤ በኦሮምኛ ግን ዴማ፥ ዴምቲ፥ ዴምና ሲባል ፊቱ እንዳለ ቆሞ የሚለወጠው ጀርባው ነው። የቅኔው ተማሪ የለመደውን ከፊት ሲፈልግ ከኋላ ያለው ያመልጠዋል። ሁለተኛው እንቅፋት የሚጻፈውን እንጂ የሚሰማውን አለማመን ነው። አማርኛ ራሱ ገና፥ አለ፥ ዋና ብሎ ሲጽፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ አንባቢው ከንባቡ መንፈስ ይለየዋል እንጂ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አይቸገርም፤ አዲስ ልሳን የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ልማድ ይዞ ከሄደ ግማሹን ጥሎ ይመለሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት የጆሮ ትምህርት ነው። ተማሪው በአፍ ውስጥ ድምፅ የሚወለድበትን ስፍራ፥ ከንፈርን፥ ጥርስን፥ ላንቃን፥ ጉሮሮን፥ በየድምፁ እየፈተነ ያጠናል። ለዓለም ልሳናት ሁሉ የሚሆን የድምፅ ምልክትም አለ፤ ይህን ያበጀው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1886 በፓሪስ የተቋቋመ ማኅበር ሲሆን፥ የማኅበሩ ጀማሪዎች የትምህርት ቤት የቋንቋ መምህራን ነበሩ። ይህን ለመምህራን መንገር ደስ ያሰኛል። ከዚያም በ1934 በአሜሪካ አገር በአርካንሳስ በአንድ የገጠር እርሻ ላይ ላልተጻፉ ልሳናት ሠራተኛ የሚያሠለጥን የክረምት ትምህርት በሁለት ተማሪዎች ተጀመረ። ዓላማው መጽሐፍ ቅዱስን መተርጐም ነበረ። በማግስቱ ዓመት የመጣው ተማሪ ኬኔት ፓይክ በኋላ ታላቅ ሊቅ ሆነ፤ በጉባኤ ፊት ልሳኑን ፈጽሞ ከማያውቀው ሰው ጋራ ተቀምጦ፥ አስተርጓሚ ሳይኖረው ቅጠልና በትር እያሳየ፥ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የዚያን ሰው ልሳን ቃልና አካሄድ በሰሌዳ ሲጽፍ ሕዝቡ ያደንቅ ነበር። ከሁለት ተማሪዎች የተጀመረ ትምህርት እንዲህ ማፍራቱ፥ ተማሪ አነሰ ብሎ ተስፋ ለሚቈርጥ መምህር መጽናኛ ሊሆነው ይችላል።

ቅጠልና በትር ማሳየት ግን ብልኃት ይፈልጋል። በየካ ተራራ ሥር ወደሚገኝ ትምህርት ቤት የተመደበ አንድ ወጣት መምህር ቢታሰብ፥ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን አውርደው ሲያርፉ አግኝቶ፥ «እማማ፥ ይህ በኦሮምኛ ምን ይባላል?» ብሎ በጣቱ ቢያመለክት፥ «ቆራን» ሊሉት ይችላሉ፤ ይህ የማገዶ ስም ነው። በማግስቱ ሌላዋን ቢጠይቅ «ሙካ» ይሉታል፤ ይህ የዛፍና የእንጨት ስም ነው። ሦስተኛዋ «ባርገሞ» ቢሉት ባሕር ዛፍ ማለታቸው ነው፤ አራተኛዋ ሸክሙን እንጂ እንጨቱን አላሰቡምና «በአ» ይሉታል፤ ይህንንም ሲሉ በመካከል ጉሮሮአቸው ድምፁን ቆረጥ ያደርገዋል፤ ያልተማረ ጆሮ ይህን ቁርጥ አይሰማውም። አራቱም እውነት ተናገሩ፤ የተሳሳተው ጠያቂው ነው። የሠለጠነ ሠራተኛ ግን በጣቱ አያመለክትም፤ ሸክሙን ሲያነሡ አብሮ ያነሣል፤ ሲያስሩ ያያል፤ ቅጠሉን ለብቻ፥ ጭራሮውን ለብቻ፥ ፍልጡን ለብቻ አንሥቶ ይጠይቃል፤ የሰማውንም መልሶ ይናገርና ሲስቁበት ያርማል። ሰው በሳቀበት ቦታ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ።

የሚያርመው ሰው ባይገኝስ? ይህ በአገራችን ከባድ ነገር ነው። ጨዋ ሽማግሌ እንግዳን ማሳፈር አይወድም፤ ወጣቱ ቃሉን አጣምሞ ቢናገርም ይሉኝታ ይዞት «ደኅና ብለሃል ልጄ» ይለዋል። ወጣቱም ስሕተቱን በደብተር ጽፎ፥ ደብተሩ መጽሐፍ ሆኖ፥ መጽሐፉ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ፥ ሕፃኑ በቤቱ የማይሰማውን ቃል የቤቱ ቃል ነው ተብሎ ይማረዋል። ስለዚህ የተማረው ሠራተኛ «አባቴ፥ እንዲህ ይባላልን?» ብሎ አይጠይቅም። ሁለት ሦስት ዐይነት አነጋገር አቅርቦ ሽማግሌው የሚወዱትን እንዲመርጡ ያደርጋል፤ ወይም ተረት እንዲነግሩት ለምኖ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በተረት ውስጥ ሰው ለእንግዳው አይጠነቀቅም፤ ልሳኑ በራሱ መንገድ ይፈስሳል። ዛሬ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ በየኪሱ ስላለ ተረቱን ቀድቶ ደጋግሞ መስማት ይቻላል፤ ነገር ግን ሳያስፈቅዱ መቅዳት ከሌብነት አይለይም።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ ወጣቱ ቃላችሁን አጣምሞ ሲያነብ ብትሰሙ ያለ ይሉኝታ አርሙት፤ ለእርሱ የምትሰጡት ደመወዝ ይህ ነው።

ከጆሮ ትምህርት ቀጥሎ የፊደል ትምህርት ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ ሲደፈርስ ኦሮምኛ ተናጋሪው ውኃውን «ቦሩ» ይለዋል፤ ሁለቱንም ድምፅ አርዝሞ ነው። ነገ ለማለትም «ቦሩ» ይላል፤ ይህን ግን በአጭሩ ነው። በግዕዝ ፊደል ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነው ተጻፉ፤ አንባቢው ነገ ይሁን ድፍርስ ከዐረፍተ ነገሩ ይፈልጋል። ለኦሮምኛ ጠንካራ ድምፅ «ዸ» የሚል ፊደል ተበጅቶ ነበር፤ ለሚረዝመው ድምፅ ግን በቂ መፍትሔ አልተገኘም። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን፥ የሚረዝመው ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ እየተጻፈ ተለየ፤ በአንጻሩም ቃሉ በወረቀት ላይ ረዘመ፥ ፊደሉም ከጎረቤቱ ልሳን ፊደል ተለየ። እያንዳንዱ ምርጫ ዋጋ አለው። የሠራተኛው ተግባር ለሕዝቡ ፊደል መምረጥ ሳይሆን፥ እያንዳንዱ ፊደል የሚይዘውንና የሚጥለውን ለክቶ፥ በልጆችና በአረጋውያን ንባብ ፈትኖ፥ ውጤቱን ለባለቤቶቹ ማቅረብ ነው። ፈተናውም ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ቀድሞ ላላየው ሰው ሰጥቶ ያስነብበዋል፤ አንባቢው የቆመበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። አሥር ሰዎች በአንድ ቃል ላይ ከቆሙ ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም።

የማስነበብ ሥራ ለብቻው ትምህርት መሆኑን አገራችን በታላቅ ሥራ ተምራዋለች። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በመጀመሪያ በ5 ልሳናት፥ በኋላም በ15 ልሳናት በግዕዝ ፊደል መጻሕፍት ተዘጋጅተው በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ፊደል ቈጠረ። ዓለምም ሥራውን አመስግኖ ሸለመ። ከምስጋናው ጋራ ግን መነገር ያለበት ነገር አለ። ፊደል የቈጠረው ገበሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ በልሳኑ የሚያነበው ሁለተኛ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የተማሩትን መልሰው ረሱት። አስተማሪ ነበረ፤ የጠፋው ጸሓፊ ነው። ለ15ቱ ልሳናት 15 ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ አሥርና ሃያ ተረት የሚጽፍ፥ ስለ ከብት በሽታ፥ ስለ ዘር፥ ስለ ልጅ አስተዳደግ በሰው ቋንቋ የሚያወራ የአገሬው ጸሓፊ ሠልጥኖ ቢሆን ኖሮ ዘመቻው ሥር በሰደደ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ ይህ ፍላጎት በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ ከ80 በላይ ልሳናት ባሉበት አገር ለእያንዳንዱ የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል?

የሚመጣው ከመንደር ትምህርት ቤት ነው። መንገዱም ይህ ነው፦ በመንደሩ ልሳኑን ጠንቅቆ ያደገ ወጣት፥ በመምህርነት ትምህርት ማንበብን የማስተማር ጥበብን ይማራል፤ በየካ በኮተቤ የሚገኘው፥ ከኀምሳ ዓመት በላይ መምህራንን ሲያወጣ የኖረውና ዛሬ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ቤት ለዚህ ቅርብ ነው። ከዚያ ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልሳን ጥናት ከመጀመሪያው ማዕርግ እስከ ዶክትሬት ይሰጣል፤ በዚያም ሊጠፉ የተቃረቡ ልሳናትን መዝግቦ ማኖርና የመስማት ችግር ያለባቸው ወገኖች የሚነጋገሩበት የምልክት ቋንቋ በትምህርት ተይዘዋል። ነገር ግን የመማሪያ ክፍሉ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ በሰው መንደር ወራትንና ዓመታትን ተቀምጦ፥ የሰጡትን በልቶ፥ የሚሉትን ጽፎ የሚገኝ ነው። ይህን ሳያደርግ ማዕርግ የተቀበለ ሰው መርከብ ሳይሳፈር ስለ ባሕር የሚጽፍን ሰው ይመስላል።

አባቶች ልጃቸውን ከመላካቸው በፊት «እንጀራው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው። መልሱም በግልጽ ይነገራቸው፤ ባለጠጋ የሚያደርግ ሥራ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ማስተማር፥ በየክልሉ ትምህርት ቢሮ የመማሪያ መጻሕፍትን ማሰናዳት፥ በባህል ቢሮ፥ በራዲዮ፥ በትርጕም ድርጅቶች መሥራት ይገኛል፤ ሹመቱ ግን ዝቅ ያለ፥ ድካሙም ረዥም ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜአቸውን ፈጁበት፤ እርሳቸውም ሳያዩት ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰው ተቀባብሎ የፈጸመው ሥራ ነው። ይህን ለልጁ ቀድሞ የነገረ አባት አላታለለውም።

መምህራን ግን ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየቤታቸው ከአያቶቻቸው አንዳንድ ተረት ሰምተው፥ በተሰማው ልሳን እንደ ተሰማ ጽፈው ይምጡ፤ መምህሩ ልሳኑን ባያውቀውም ልጁ በክፍል ያንብበው፤ ያንኑ ልሳን የሚያውቁ ጓደኞቹ ይረሙት። ደብተሩ በሁለት ይገለበጥ፤ አንዱ ለተራኪው ቤት፥ ሌላው በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጻፈው የመምህሩ ስም ሳይሆን ቃሉን የሰጡት ሰው ስም፥ መንደራቸውና ቀኑ ነው፤ ስማቸው እንዲጻፍ ባይወዱ ደግሞ መንደሩና ቀኑ ብቻ ይበቃል።